ከምግብ በኋላ ስኳር ሲወርድ፦ የስኳር ህመም ለሌለባችሁ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ቁርስ በልታችኋል። ሆዳችሁ ሙሉ ነው። ግን አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በላብ ትጠመቃላችሁ፣ ልባችሁ ይደልቃል፣ የሚያናግራችሁን ሰው መስማት ያስጠላችኋል። ጓደኛ "ደም ማነስ ነው" ይላል። እናት "ምች ነው" ትላለች። ጤና ጣቢያ እስክትደርሱ ደግሞ ነገሩ አልፏል፤ ሲለኩላችሁ ስኳራችሁ 92 ነው። "ምንም የለባችሁም፣ ጭንቀት ነው" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ሙሉ ተመላልሻለሁ። ሰዎች ሲጠይቁኝ የሚነግሩኝ ታሪክም ያው የኔው ነው፤ የሚሳሳቱትም እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ ነው። ሲወርድባቸው ከረሜላ ወይም ለስላሳ ይወስዳሉ። ይሻላቸዋል። ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደገማል።

ከረሜላው ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። አምስት ሰዓት ላይ የሚወርደው ስኳር የተሰራው ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሳህን ላይ ነው። ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባሉ። ቆሽት ይህን ለማውረድ ኢንሱሊን አብዝቶ ይለቃል። ምግቡ አልቆ ኢንሱሊኑ ግን ገና ስራ ላይ ነው። ሐኪሞች ሪአክቲቭ ሃይፖግላይሴሚያ ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል።

ስለዚህ ስራችሁ ሁለት ነው። ሲወርድ በትክክል ማንሳት፣ ከዚያም እንዳይወርድ ሳህኑን፣ ማለትም የምትበሉትን፣ መቀየር። ሁለተኛው ይበልጣል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ይህ መመሪያ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ ሳህን ለመቀየር አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

- ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ።
- ስኳራችሁ የሚወርደው ሳትበሉ ስትቆዩ፣ ሌሊት ወይም ጠዋት ከመኝታ ስትነሱ ከሆነ። ይህ ከምግብ በኋላ ከሚመጣው የተለየ ነገር ነው፤ ከቆሽት እጢ፣ ከጉበት ወይም ከሆርሞን ችግር ሊመጣ ይችላል።
- ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ፣ አንቀጥቅጦ የጣላችሁ ወይም ንግግራችሁ የተምታታባችሁ ከሆነ።
- ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ።
- ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ጥገና ካደረጋችሁ። እናንተ ላይ ቶሎ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል፤ አወራረዱም ይከፋል። መመሪያው ይጠቅማችኋል፣ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ሁናችሁ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ፈትሹ። የእናት ወይም የአባት የስኳር ኪኒን ከናንተ መድኃኒት ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል? ግሊቤንክላማይድ የመሰለው ኪኒን በስህተት ከተዋጠ ጤነኛ ሰው ላይ ስኳርን ክፉኛ ይጥላል። ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒትም፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም አንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚወሰደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት።

## ደረጃ 1፦ ሳትለኩ አትመኑ

መንቀጥቀጥና ላብ ብቻውን ስኳር ወረደ ማለት አይደለም። ጭንቀት እንዲህ ያደርጋል። ቡና ያደርጋል። የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም ያደርጋል። በእድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ከምግብ በኋላ የደም ግፊት ይወርድና ያዞራቸዋል። ስለዚህ የስኳር መለኪያ ማሽን ያስፈልጋችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት የዚያ ማሽን ስትሪፕ (የደም ጠብታው የሚነካበት ቀጭን ቁራጭ) በአካባቢያችሁ ፋርማሲ እንደማይጠፋ ጠይቁ። ማሽኑ ርካሽ ሆኖ ስትሪፕ የማይገኝለት ብዙ ነው።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። ሳኒታይዘር ከተጠቀማችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ።
2. የስትሪፑን ጊዜ ማብቂያ ተመልከቱ። ጠርሙሱን ወዲያው ክደኑት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት።
3. የጣታችሁን ጎን ውጉ፣ መሃሉን አይደለም። ጎኑ ያነሰ ያማል።
4. ጣታችሁን አጥብቃችሁ አትጭመቁ። እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉት፣ ደሙ ራሱ ይመጣል።
5. ቁጥሩን፣ ሰዓቱን እና የተሰማችሁን ወዲያው ጻፉ።

የመጀመሪያውን ነጥብ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። አንድ ቀን ማንጎ ልጬ እየበላሁ ሳለ መንቀጥቀጡ መጣ። በዚያው እጄ ለካሁ። 168 አለ። "እንግዲህ ስኳር አይደለም" ብዬ ልተወው ነበር። እህቴ "እጅሽ እኮ ማንጎ ነው" አለችኝ። ታጥቤ ስለካ 56። የማንጎው ስኳር ጣቴ ላይ ነበር የተለካው።

ቁጥሩ የሚነግራችሁ፦

ከ55 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች (በሚሊሞል ለሚለኩ አገሮች 3.0)፣ ምልክቱ አብሮት አለ፣ ስኳር ስትወስዱም ይጠፋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ስኳር ወረደ የሚባለው። አንዱ ከጎደለ ገና አልተረጋገጠም።

ከ55 እስከ 70። መሃል ላይ ናችሁ። ብዙ ጤነኛ ሰው ምንም ሳይሰማው እዚህ ይደርሳል። የቤት ማሽን ደግሞ ወደ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ 62 ያለው 55ም 70ም ሊሆን ይችላል። የሳህኑን ለውጥ ጀምሩ፣ አትደንግጡ።

ከ70 በላይ ሆኖ እየተንቀጠቀጣችሁ ከሆነ በዚያች ሰዓት ስኳራችሁ ዝቅ አላለም። ጣፋጭ አትውሰዱ። ምናልባት ከከፍታ በፍጥነት እየወረደ ይሆናል፤ የደረጃ 4 ምክር ለዚህም ይሰራል። ግን ሌላውንም ምክንያት በሐኪም አስፈትሹ።

ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካውን መሣሪያ የምትጠቀሙ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተለጠፈበት ጎን ስትተኙ ይጫንና ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። ሌሊት ደውል ከቀሰቀሳችሁ ከመብላታችሁ በፊት በጣት አረጋግጡ።

## ደረጃ 2፦ ሲወርድ ምን ታደርጋላችሁ

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ።

1. ተቀመጡ። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ዳር ያዙና ሞተር አጥፉ። ቢላ፣ ምጣድ፣ መሰላል ላይ ከሆናችሁ ልቀቁት።
2. ለኩ። ማሽኑ አጠገባችሁ ከሌለ ፍለጋ አትሂዱ፤ ወደ ሦስት እለፉ።
3. 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ውሰዱ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ፦
   - 4 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ
   - አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር
   - የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሹን
   - ግማሽ ብርጭቆ፣ 120 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የብርቱካን ጭማቂ
4. 15 ደቂቃ ጠብቁ። በሰዓት። ይህቺ 15 ደቂቃ ረጅም ናት። ሰውነታችሁ "ብላ፣ ብላ" ይላችኋል። አትስሙት።
5. እንደገና ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ድገሙ።
6. ሲነሳ፣ ወዲያው ቆየት የሚል ነገር ብሉ። አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ቁራሽ ዳቦ። ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ከለውዝ ጋር። ወይም አይብ።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው 4 እና 6 ላይ ነው። 4ን የዘለለ ሙሉ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጣል፣ ከላዩ ብስኩት ይጨምራል፣ ስኳሩ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ቆሽት እንደገና ኢንሱሊን ያፈሳል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደዚያው ይመለሳል። 6ን የዘለለ ደግሞ ስኳሩን ያነሳና የሚደግፈው ነገር ያጣል።

የማይሰሩ ነገሮች፦ ቸኮሌት፣ ሃላዋ፣ ኬክ፣ አይስክሬም። ጣፋጭ ናቸው፣ ግን ቅባቱ ያዘገያቸዋል። ስኳር የሌለው ለስላሳ ደግሞ ጭራሽ አያነሳም፤ ስትቸኩሉ ጠርሙሱን አንብቡ።

አካርቦስ የሚባለውን ኪኒን በሐኪም ታዝዞላችሁ የምትወስዱ ልብ በሉ። ይህ መድኃኒት የተራውን ስኳር መፈጨት ያዘገያል። ስለዚህ በጥብጣችሁ የጠጣችሁት ስኳር በቶሎ አይደርስላችሁም። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሉኮስ ያዙ። ከሌለ ማር ይሻላል።

ከተሻላችሁ በኋላ ቶሎ መሪ አትያዙ። ቁጥሩ ቢስተካከልም አእምሮ ለመስተካከል ይዘገያል። 45 ደቂቃ ያህል ስጡት።

### ራሱን ለሳተ ሰው

ይህን ክፍል ለቤተሰባችሁና ለስራ ባልደረባችሁ አስነብቡ። እናንተ በዚያች ሰዓት ማንበብ አትችሉም።

አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ። ውሃም፣ ማርም፣ ለስላሳም ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱ አካባቢ ያለውን ልብስ አላሉ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ውሃ መድፋት፣ ጥርስ መሃል ማንኪያ ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው፤ ማንኪያው ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። አምቡላንስ ጥሩ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀይ መስቀል 907፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። ስትደውሉ "ስኳር ወርዶበት ሊሆን ይችላል" በሉ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ታሳጥራለች።

## ደረጃ 3፦ የሁለት ሳምንት ደብተር

ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ሳምንት እንደወትሮው ብሉ። ይህን መዝለል ያምራል፤ ግን ከየት እንደተነሳችሁ ካላወቃችሁ የትኛው ለውጥ እንደሰራ አታውቁም።

ሁለት ቀን ምረጡ፦ አንድ የስራ ቀን፣ አንድ የእረፍት ቀን። በእነዚህ ቀናት ከቁርስ በፊት፣ ከዚያም በልታችሁ በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ4ኛው ሰዓት ለኩ። በሌሎቹ ቀናት ምልክት ሲሰማችሁ ብቻ። ሁለተኛውን ሳምንት ደረጃ 4ን እየተከተላችሁ በዚያው መንገድ ጻፉ።

የበላችሁትን ስትጽፉ "እንጀራ በሽሮ" ብቻ አይበቃም። ስንት እንጀራ? ሻዩ ስንት ማንኪያ? ከምግቡ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ቡናው ስንተኛው ነው? እንቅልፍ? ለሴቶች፣ የወር አበባ ቀን?

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት አብሽ፣ ሽፈራው ወይም "ስኳር ያስተካክላል" የተባለ ሌላ ነገር አትጨምሩ። የትኛው እንደሰራ ይጠፋባችኋል።

## ደረጃ 4፦ ሳህኑን መቀየር

ዋናው ስራ ይህ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ አንዱ ሲለመድ ወደ ሌላው።

4.1 ከመጠጡ ጀምሩ

በባዶ ሆድ የሚጠጣ ጣፋጭ ነገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምንም አያቆመውም። ጠዋት ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ ማልት፣ ሽሮፕ የተጨመረበት ስፕሪስ። ማርም ስኳር ነው፤ መድኃኒትነቱ ሲነገር ስለኖረ ብዙ ሰው አይቆጥረውም።

ሻዩን በአንድ ቀን ያለ ስኳር ለማድረግ የሞከረ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። በየአራት ቀኑ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። በአንድ ወር ገደማ ትጨርሳላችሁ። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሩበት፤ ምላስ ያታልላል። ፍራፍሬ አይከለከልም፦ ብርቱካኑን ብሉት፣ አትጭመቁት፣ ከምግብ በኋላ ይሁን።

4.2 ቁርስ

የኔ ደብተር ላይ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አሉ። አንዱ እሁድ ነው፤ ጨጨብሳ በማርና ሻይ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 171፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል 57፤ ጎኑ ላይ "ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ አለኝ" ብዬ ጽፌያለሁ፤ ፊደሉ ራሱ የተንቀጠቀጠ ነው። ሌላው ማክሰኞ ነው። ሁለት እንቁላል በቃሪያና በቲማቲም፣ ግማሽ ዳቦ፣ ሻይ ያለ ስኳር። 124፣ ከዚያ 83። ያው ሰው፣ ያው ሳምንት።

ቁርስ ላይ ከእነዚህ ምረጡ፦

- ፉል በቃሪያና በሽንኩርት፣ ግማሽ ዳቦ። ለዚህ ችግር ከፉል የተሻለ ቁርስ አላገኘሁም፤ ጾምም ያስኬዳል።
- እንቁላል ፍርፍር፣ ከላይ እንዳልኩት።
- ቅንጬ ከአይብ ወይም ከስኳር አልባ እርጎ ጋር። መጠኑ አንድ ጭልፋ።
- እንጀራ ፍርፍር ካማራችሁ ትንሽ አድርጉትና እንቁላል ወይም ስጋ ጨምሩበት። እንጀራ በበርበሬ ብቻ አይበቃም።

ለብቻቸው የማይበሉ፦ ቦምቦሊኖ፣ ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ጣፋጭ አጥሚት፣ በስኳር የተበጠበጠ በሶ፣ ገንፎ። ገንፎ ለታመመ ሰው ይሰጣል፣ ጉልበት ይሰጣል ይባላል፤ እናንተን ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጥላችኋል። ከበላችሁት በትንሹ ሁኖ እርጎው ይብዛ።

4.3 ቅደም ተከተል፦ እንጀራው መጨረሻ

አትክልትና ፕሮቲን ቀድመው ከገቡ ስታርቹ (እንጀራው፣ ዳቦው፣ ድንቹ) ቀስ ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። ያው ምግብ፣ ያው መጠን፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይለወጣል።

እኛ ዘንድ ይህ ከባድ ነው። የምንበላው በእንጀራ ጠቅልለን ነው፤ ወጡ ያለ እንጀራ አፍ አይገባም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦

1. ማንኪያ አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ይለምዱታል።
2. ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ ምስሩን፣ አይቡን ወይም እንቁላሉን በማንኪያ እጀምራለሁ። አምስት፣ አስር ደቂቃ።
3. ከዚያ እንጀራውን እቆርሳለሁ።

ምግብ ቤት ከሆናችሁ በያይነቱ አዘዙ፤ ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ሰላጣ አንድ ላይ የሚመጣበት ሌላ ምግብ የለም። ድንቹን ለመጨረሻ ተዉት።

4.4 መጠን

"ጤፍ ነው፣ ምንም አይልም" የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ግን እንጀራ ያው ስታርች ነው፤ ሲበዛ ስኳር ይሆናል። ሩዝ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ደግሞ ይፈጥናል። ውጭ አገር ያላችሁ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩን ጠይቁ።

በአንድ ማዕድ ግማሽ እንጀራ ጀምሩ። ከትሪ ላይ በጋራ ስትበሉ ስንት እንደበላችሁ አይታወቅም፤ ድርሻችሁን ቀድማችሁ በሳህን አውጡ። ጉርሻ ሲመጣ "ወጡን አብዛልኝ" በሉ፤ ማንም አይቀየምም።

ሁለት ስታርች አታገናኙ። ፓስታ በዳቦ፣ ሩዝ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በሁለት እንጀራ፦ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ራሳቸውን የሚይዙ ሰዎች ብዙዎቹ ምሳቸው ይህ ነው።

4.5 ቡናና አልኮል

ቡና ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የወረደ ስኳር ያስመስላል። በባዶ ሆድ አትጠጡ። ቡና ከተፈላ አቦሉን ያለ ስኳር ጠጡ። ቶናና በረካው ይቅርባችሁ። ለቡና ቁርስ ከድፎ ዳቦ ይልቅ ቆሎ።

አልኮል ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ያግደዋል። ቢራም፣ ጠጅም፣ ጠላም በባዶ ሆድ አይሞከርም። ከጣፋጭ ጋር ሲቀላቀል የባሰ ነው። የወረደበትን ሰው "ሰክሯል" ብለው ጥለውት ሄደው የከፋ ነገር ይገጥማል።

4.6 ከበላችሁ በኋላ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ሩጫ አይደለም። ጂም የምትሄዱ ከሆነ ስኳራችሁ በሚወርድበት ሰዓት፣ ከበላችሁ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከባድ እንቅስቃሴ አትጀምሩ።

## ደረጃ 5፦ መክሰስ

ከሦስት ሰዓት በላይ ባዶ ሆናችሁ አትቆዩ። መውረዱ አምስት ሰዓት ላይ ከሆነ መክሰሱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሳይወርድ ትቀድሙታላችሁ።

መክሰስ ማለት አንድ እፍኝ ነው፦ ለውዝ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ አንድ እንቁላል፣ ግማሽ አቮካዶ በሎሚ። የገብስ ቆሎ ብቻውን አትብሉ፤ ከለውዝ ጋር ቀላቅሉት። ስኳር የተለበጠ ለውዝ አይቆጠርም።

መክሰስ ከጨመራችሁ ምሳና እራት መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ በሁለት ወር ውስጥ ክብደት ትጨምራላችሁ፤ ክብደት ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል።

## ደረጃ 6፦ ጾም

ብዙ ሰው ጾሙ አወረደብኝ ይላል። ደብተሩ ሲታይ ግን የወረደው ከፈቱ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የቆየ ሆድ ላይ በሶ በስኳር፣ ጁስ፣ ሁለት እንጀራ በድንች ሲወርድበት ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይጥላል።

ስትፈቱ፦
1. ውሃ።
2. ምስር፣ የሽምብራ ንፍሮ፣ ፉል ወይም ጎመን በማንኪያ። 10 ደቂቃ።
3. ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ።
4. ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ለውዝ ወይም የሱፍ ፍትፍት በትንሹ።

በረመዳን ደግሞ አፍጥሩን በአንድ ቴምርና በውሃ ክፈቱ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ስጋ ወይም ምስር፣ ሳምቡሳና ጣፋጭ መጨረሻ። ሱሁር ላይ ፉል ወይም እንቁላል ይኑር።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ በጾሙ ሰዓት፣ ሳትበሉ፣ ከወረደባችሁ ይህ መመሪያ የናንተን ችግር አይመለከትም። ጾሙን ፍቱና ሐኪም ጋ ሂዱ። ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

## ሲበላሽ

ሁሉን አድርጌ አሁንም ይወርዳል። ደብተሩን ክፈቱ። በኔ ልምድ ተደብቆ የሚገኘው መጠጥ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ በሁለት ስኳር፣ ወይም "ጤናማ ነው" የተባለ ጁስ። እሱ ከሌለ የእንጀራውን መጠን በሌላ ሩብ ቀንሱና የፕሮቲኑን ጨምሩ። አንድ ሳምንት ሞክሩ።

ምልክቱ አለ፣ ቁጥሩ ግን ሁሌም ከ70 በላይ ነው። ስኳር መውሰድ አቁሙ። የእንቅርት ምርመራ፣ የደም ማነስ ምርመራ፣ ቆማችሁና ተኝታችሁ የሚለካ ግፊት ጠይቁ። ጭንቀት ከሆነም እሱም ህመም ነው፤ ህክምና አለው።

ቀኑን ሙሉ መለካት መተው አቃተኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ አስገቡ። ምልክት ሲመጣ ብቻ አውጡት።

ስታርች ጭራሽ ተውኩ፣ ደከመኝ። አትተዉት። የሚቀነሰው መጠኑ ነው። ጭራሽ የተወ ሰው በሰርግ ቀን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይበላል፣ የዚያን ቀን አወራረድ አልመኝላችሁም።

## ደረጃ 7፦ ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ከ55 በታች ሁለት ጊዜ ካያችሁ፣ ወይም አእምሯችሁ ከተምታታ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ቀጠሮ አታዘግዩ። ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ። "ስኳሬ ይወርዳል" ከማለት ይልቅ "ከበላሁ በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ስኳሬ 53 ነበር፣ ስኳር ስወስድ በ15 ደቂቃ ተነሳ" በሉ። እንደዚህ የተባለ ሐኪም ወደ ጭንቀት አይዘልም።

ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለውን፣ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ምርመራ ጠይቁ። ከምግብ በኋላ የሚወርድ ስኳር አንዳንድ ጊዜ የሚመጣ የስኳር ህመም የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ በተለይ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ካለና ወገብ ከሰፋ።

የስኳር ውሃ አጠጥተው ሊመረምሯችሁ ካሰቡ፣ በሚበላ ምግብ የሚደረግ ምርመራ ይቻል እንደሆነ በትህትና ጠይቁ። የስኳር ውሃው ምንም የሌለበትን ሰውም ሊጥል ይችላል፤ ያልታመመ ሰው ታሟል ይባላል። በምግብ የሚደረገው ግን እንደወትሮው ምግብ በልታችሁ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ደም እየተወሰደ ይታያል። ምርመራው ላይ ስኳሩ ሲወርድ፣ ከመታከማችሁ በፊት፣ በዚያው ደም ኢንሱሊንና ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የሚለቀው) መለካት አለበት። ስኳሩ ከተነሳ በኋላ የተወሰደ ደም አይጠቅምም። ስለዚህ ስትቀመጡ ለነርሷ "ሲንቀጠቀጠኝ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ደሙን ውሰጂልኝ፣ ከዚያ ስኳሩን ስጪኝ" በሏት። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላችሁ ወይም የሚያምታታችሁ ከሆነ ግን ደሙ ይቆይ፤ ስኳሩ ይቅደም።